የገላነሽ የኅዳር እንግዶች

ገላነሽ ከደብረ ታቦር ወዲያ፣ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ደጋ፣ ወደ ፎገራ የተዳረችው በጥር ወር ነበር። በጥር ፎገራ የተዘረጋ ሰሌን ይመስላል፤ ዳገት የለ፣ ቁልቁለት የለ፣ ዓይን እስኪታክት ሜዳ ብቻ። ደስ አላት። እንስራ ተሸክማ ገደል ስትወጣና ስትወርድ ላደገች ልጅ እንዲህ ያለ አገር የእግዜር ስጦታ መሰላት። ነሐሴ ሲገባ ግን የርብ ወንዝ ከአፉ ገንፍሎ ወጣና ሜዳው ሁሉ ውኃ ሆነ። አንድ ጠዋት በሯን ስትከፍት ውኃው ደጃፏ ላይ ተኝቶ ጠበቃት። በዚያው ሳምንት ወደ አገሯ የሚሄድ ሰው አገኘችና፣ «ለእናቴ እንዲህ በልልኝ፤ ለሰው ሳይሆን ለዓሣ ነው የዳራችሁኝ» ብላ ላከችው።

ባሏ ሰውመሆን ይህ መልእክት በሰው በሰው ዞሮ ሲደርሰው ምንም አላለም። ሰውመሆን ድሮም ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ሥራ ይወዳል፣ ሰንበት ያከብራል፣ ሳቅ ሲመጣበት እንኳ ፊቱን ወደ በሬዎቹ ያዞራል። ያ ውኃ የሚተኛበት መሬቱ በአባቱ ዘመን ከከብት ሣር በቀር የሚሰጠው ነገር አልነበረም። ሩዝ ወደ አገሩ ከገባ ወዲህ ግን የተናቀው መሬት ከሁሉ የተፈለገ ሆነ። ባልና ሚስቱ እንደ ጎረቤቶቻቸው መዝራቱንም መብላቱንም እየተሳሳቱ ተማሩ። መጀመሪያ ሰሞን ገላነሽ ሩዙን እንደ አገሯ ገብስ ቆሎ ቆልታ አቀረበችለት። ሰውመሆን ዝም ብሎ አኘከ፤ ጥርሱን ሲያመው ሰነበተ፤ አሁንም ምንም አላለም።

ልጆች ተወለዱ። ልጆቹ ከፍ ሲሉ ኅዳር በመጣ ቁጥር አንድ ችግር ይነሣ ጀመር። ሩዝ ሲደርስ ቤተሰቡ በሙሉ ማሳ ይወርዳል፤ አጨዳው ግን ረጅም ነው፣ ፀሐዩ ይበረታል፣ ልጅ ደግሞ ቶሎ ይሰለቻል። ሰውመሆን የሚያውቀው መላ መቆጣት ብቻ ነበር። ገላነሽ ሌላ አገኘች። ከማሳው ዳር ባለችው ዋርካ ላይ ጠንካራ ገመድ አሥራ ዥዋዥዌ ሠራችላቸው፤ የድርሻውን አጭዶ የጨረሰ ይወዛወዛል። ነዶውን ወደ ክምሩ ሲያጓጉዙ ለሁለት ከፍላ ታወዳድራቸዋለች፤ ራሷም ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ከደካማው ወገን ትገባለች። ገለባው ሲከመር ከላይ እየዘለሉ እንዲንከባለሉ ትፈቅድላቸዋለች። ሰውመሆን «አንች ሴትዮ፣ ማሳውን የጥምቀት ሜዳ አደረግሽው» ይላት ነበር። ሥራው ከጎረቤት ሁሉ ቀድሞ ያልቅ ስለነበር ግን ከዚያ በላይ አይናገርም።

ልጆቹ አደጉና ሄዱ። ትልቋ ማስተዋል ባሕር ዳር አስተማሪ ሆነች፤ ወንዶቹ አንዱ ጎንደር፣ አንዱ መተማ ሥራ ያዙ፤ የመጨረሻዋ ይፋግ አገባች። ከዚያ ወዲህ አጨዳው በወንፈል ሆነ፤ ጎረቤት ለጎረቤት በየተራ እየተጋገዘ። ሥራው አልጎደለም፤ የጎደለው ጫጫታው ነው። ገላነሽ አንዳንድ ቀን ማጭዷን ይዛ ቀና ትልና የሚያስቅ ነገር አፏ ላይ ይመጣል። ዙሪያዋን ስታይ ሰው ሁሉ አቀርቅሯል። መልሳ ትውጠዋለች።

ሩዟን የምታስፈለፍለው ወረታ ነው። ከመፈልፈያው አጠገብ ኡመር የሚባል ነጋዴ ሱቅ አለው። ኡመርና ሚስቱ ራሂማ ከእነ ገላነሽ ጋር ብዙ ዘመን ተዋውቀዋል፤ በወሊድ ይጠያየቃሉ፣ በሐዘን አብረው ይቀመጣሉ፣ በየበዓላቸው እንኳን አደረሳችሁ ይባባላሉ። ተራዋ እስኪደርስ ራሂማ ዱካ ታወጣላትና ጥላ ስር ታስቀምጣታለች። ካቻምና፣ በጥቅምት ማለቂያ ገደማ፣ እዚያው ተቀምጣ ሳለ የራሂማ ትንሿ ልጅ ኢክላስ ከማሽኑ አፍ ነጭ ሩዝ ሲወርድ ቆማ ታያለች። አየችና አየችና ዞር ብላ፣ ማሽኑ ሩዙን የሚሠራው ከምን እንደሆነ ገላነሽን ጠየቀቻት።

ገላነሽ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ልጅቱ ግን የምሯን ነው። ወረታ ተወልዳ፣ ሩዝ እየበላች አድጋ፣ ሩዝ ሲበቅል አይታ አታውቅም። ራሂማ አፈረች። ባለፉት ዓመታት መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ እሷም ልጆቹን ከደጅ ማውጣት እየፈራች፣ ከሱቁ ጓሮ ሌላ ያዩት ነገር እንደሌለ ነገረቻት። ከከተማው ጫፍ እስከ ማሳው የባጃጅ መንገድ ነው፤ ሆኖም ከሩቅ አገር የራቀ ሆኖባቸው ኖሯል። በዚያ ሰሞን ግን አገር ደህና ነበር።

«እሑድ ይዘሻቸው ነይ» አለቻት ገላነሽ። «እኛ በሰንበት አንሠራም። ሜዳውም እኛም ሥራ ፈተን ነው የምንውለው።»

ማታ ለሰውመሆን ስትነግረው፣ «ሩዝ ምኑ ይታያል? ሣር ነው» አላት።

እሑድ ራሂማና ኡመር ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ገላነሽ መጀመሪያ የወሰደቻቸው ወደ ቆመው ሩዝ ነው። ለኢክላስ አንድ ዛላ ቀጥፋ ሰጠቻትና በጥፍሯ እንድትፈለቅቅ አሳየቻት። ልጅቱ አንዷን ፍሬ ፈለቀቀች፤ ከውስጥ ያቺው የምታውቃት ነጭ ወጣች። ሌላዋን ፈለቀቀች። ሦስተኛዋንም። ከዚያ ወደ አባቷ ሮጣ ሄዳ ሩዝ ልብስ እንዳለው ነገረችው። ኡመር ዕድሜውን ሙሉ ሩዝ ሲነግድ የኖረ ሰው፣ እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማ ሁሉ ዛላውን ተቀብሎ በአድናቆት አገላበጠው።

ከዚያ በኋላ ልጆቹን የሚመልሳቸው ጠፋ። ቀድሞ ከደረሰው ማሳ የተወቃው ገለባ አውድማው ዳር ተከምሮ ስለነበር ከላዩ ሲዘሉ ዋሉ። ጥጃ እጃቸውን ላሰቻቸው። በታጨደው ማሳ ላይ ፍሬ የሚለቅሙ ሽመላዎች በረጃጅም እግራቸው እየተራመዱ ሲሄዱ፣ ልጆቹም ከኋላ አንገታቸውን አስግገው እንደ እነሱ ተራመዱ። አጥሩ ላይ የተንጠላጠለውን ዱባ ገላነሽ የወደዳችሁትን ምረጡ ስትላቸው፣ ኢክላስ ልትሸከመው የማትችለውን ትልቁን መረጠች፤ ሌላ ቢሰጧት እምቢ አለች፤ እያንከባለለች እስከ ዋርካው አደረሰችው። ምሳው ሩዝ በወተት፣ እርጎና የተቀቀለ ዱባ ነበር። ገላነሽ አስባበት ነው፤ ሥጋ ቢሆን የክርስቲያን የእስላም ተብሎ ድስቱ ይለያያል፣ ይህ ግን ከአንድ ገበታ ይበላል። ከምሳ በኋላ ራሂማ ዋርካው ስር ጋደም አለችና እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ፊቷ ላይ የሣር ምልክት ታትሞ ነበር፤ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከተኛች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ እንደማታውቅ ለገላነሽ ነገረቻት።

ወሬው ከዚያ ተነሣ። ራሂማ ለጎረቤቶቿ አወራች። ማስተዋልም ነገሩን በስልክ ከእናቷ ሰምታ ለሥራ ባልደረቦቿ አወራች። እነሱም ልጆች አሏቸው፤ የእነሱም ልጆች ላም ያዩት በመጽሐፍ ነው። በዓመቱ፣ ኅዳር ሊገባ ሲል፣ ማስተዋል ደወለችና ሰዎች ሊመጡ እንደሚፈልጉ፣ እንዳታስቸግራትም እንደፈራች ነገረቻት። ገላነሽ ስንት እንደሆኑ እንኳ ሳትጠይቅ ይምጡ አለች። ጾመ ነቢያት ሳይገባ፣ ወተቱ ሳይቀር፣ በመጀመሪያው እሑድ።

ዝግጅቱን ስታደርግ የሃያ ዓመት ልጅ መሰለች። አዲስ ገመድ አስመጥታ ዥዋዥዌውን አሠረች። ወንዙ ሲመለስ ከማሳው በታች ትቶት በሄደው ኩሬ ላይ እንዲንሸራሸሩ ከዓሣ አጥማጆች ታንኳ ተዋሰች። የኩሬው ውኃ ከልጅ ጉልበት እንደማያልፍ ራሷ ገብታ አየች። ዱባዎቹን ከትንሽ እስከ ትልቅ አጥሩ ስር ደረደረች። ሰውመሆን ይህን ሁሉ ከበረት በራፍ ሆኖ ሲመለከት ከረመና ቅዳሜ ማታ፣ «እኔ ሩዝ እንጂ ሰርከስ አላመርትም» አለ። ትመልስልኛለች ብሎ ጠበቀ፤ እሷ ግን ድንች እየላጠች የሆነ ዘፈን ታንጎራጉር ነበር።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። የባሕር ዳሮቹ በሚኒባስ በሐሙሲት አድርገው ወረታ ወረዱ፤ ከዚያ የኡመር የወንድሙ ልጅ ሙሰብ በባጃጁ እያመላለሰ ከእነ ኡመርና ከወረታ ጎረቤቶቻቸው ጋር ማሳው ድረስ አደረሳቸው። የተወለወለ ጫማ ያደረጉ ነበሩ፤ ለሠርግ የሚለበስ ነጭ ቀሚስ የለበሰች አስተማሪም ነበረች። ልጆቹ ከባጃጁ ሳይወርዱ ገለባውን አይተው ነበርና እግራቸው መሬት እንደነካ ወላጆቻቸውን ረሱ። ዥዋዥዌው ዕረፍት አጣ። ታንኳዋ ከኩሬው ዳር ዳር ስትመላለስ ዋለች። ትልልቆቹ ሰዎች መጀመሪያ ቆመው ልብሳቸውን ሲጠብቁ ቆዩ፤ ቀስ በቀስ ግን ያቺ ነጭ ቀሚስ የለበሰችው አስተማሪ ራሷ ዥዋዥዌው ላይ ተቀመጠች፤ ማስተዋል ከኋላ ገፋቻት፤ ከዚያ በኋላ ያፈረ ሰው አልነበረም።

ሰውመሆን ከጫጫታው ሸሽቶ በረቱ ውስጥ ነበር። ልጆቹ እዚያም ደረሱበት። የእያንዳንዱን በሬ ስም ጠየቁት። ይህ ቦራ ነው፣ ይህ ዳልቻ ነው፣ ብሎ በአጭሩ መለሰ። ቦራ ለምን ቦራ እንደተባለ ጠየቁት፤ ግንባሩ ላይ ያለውን ነጭ አሳያቸው። ዳልቻ ይዋጋ እንደሆነ ጠየቁት። እዚህ ላይ ገላነሽ ከሩቅ ቀና ስትል፣ ባሏ አጥሩን ተደግፎ፣ በሁለት እጁ ቀንድ እየሠራ፣ ዳልቻ አንድ ጊዜ በይፋግ ገበያ ያደረገውን ለልጆቹ ሲተርክ አየችው። አልጠራችውም። ያየችውም እንዳይመስለው ፊቷን አዞረች።

ከምሳ በኋላ ነው ነገሩ የተለወጠው። ገላነሽ ሳህን እያነሣች ሳለ አንድ ቀዝቃዛ ነፋስ አንገቷን ነካትና በምሥራቅ በኩል ቀና አለች። ጉና ተራራ ከደመና ውስጥ ገብቷል። ደመናው ጥቁር ነው፤ ወደ ሜዳውም ይወርዳል። በኅዳር ማንም ያልጠበቀው ዝናብ።

ሰውመሆንም አይቶታል። ከበረቱ ወጥቶ ማሳው ዳር ቆመ። ዓርብና ቅዳሜ ወንፈሉ ያጨደው ሩዝ በሙሉ እንዲደርቅ መሬት ላይ ተዘርግቷል። እንደተዘረጋ ዝናብ ካገኘው ፍሬው ይጠቁራል፣ መሬት ላይ እንዳለ ይበቅላል፣ የተረፈውም በመፈልፈያው ውስጥ ይደቃል። ዙሪያውን ያሉ ጎረቤቶችም እንዲሁ በየማሳቸው ዳር ቆመው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እሑድ ነው። ሰውመሆን በዕድሜው በሰንበት ነዶ አንሥቶ አያውቅም፤ አባቱም አላነሣም።

ኡመር ነገሩ ገባው። መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«አያ ሰውመሆን» አለው፣ «ሰንበቱ የእናንተ ነው። እኛ እሑድ ሱቅ ከፍተን ነው የምንውለው። ቦታውን ብቻ ያሳዩን።»

ሰውመሆን ክምሩ የሚቆምበትን ቦታ በአገጩ አሳየው። ከዚያ ኡመር ጃኬቱን አውልቆ ዋርካው ላይ ሰቀለ፤ ራሂማ ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ አሠረች፤ ሙሰብ ከባጃጁ ወረደ፤ የወረታ ጎረቤቶቻቸውም ተከተሉ። ወደ ማሳው ገቡና ነዶ ያነሡ ጀመር።

እንዴት እንደሚነሣ ግን አንዳቸውም አያውቁም። አንዱ ዛላውን ወደ ታች አንጠልጥሎ ይሮጣል፤ ፍሬው በየመንገዱ ይረግፋል። ሌላው ነዶውን እንደ ሕፃን አቅፎ ዓይኑ ተሸፍኖ ከጓደኛው ጋር ይጋጫል። ክምሩ ደግሞ ገና ከወገብ ሳያልፍ ወደ አንድ ጎን ዘመመ። ሰውመሆን እጁን ከኋላው አጣምሮ ቆሞ ይህን ማየት ከሥቃይ ሁሉ የባሰ ሆነበት። «ዛላው ወደ ውስጥ፣ ቂጡ ወደ ውጭ» አለ ቀስ ብሎ። ማንም አልሰማውም። ድምፁን ከፍ አደረገ። ከዚያ ክምሩን እየዞረ፣ ነዶ ሳይነካ፣ ይህን እዚህ አድርግ፣ ያንን ወደዚያ ግፊው፣ እዚህ ጋ እርገጠው፣ መካከሉን ከፍ አድርጉት እያለ ያዝዝ ጀመር። ገላነሽ በጋብቻ ዘመኗ ሁሉ ሰምታው የማታውቀውን ያህል ንግግር በዚያች ሰዓት ከአፉ ወጣ።

እሷና ማስተዋል፣ የባሕር ዳር እንግዶቹም፣ እጃቸውን አጣምረው መቆም ጨንቋቸው ነበር። ያን ጊዜ ቄስ ገብረማርያም በማሳው መካከል አቋርጠው መጡ። የደብሩ ካህን ናቸው፤ ቤታቸው ከዚያ ብዙ አይርቅም። ገላነሽ መስቀል ተሳለመችና ሳትተነፍስ ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ ምን ይሉናል? እነሱ እየሠሩልን እኛ ቆመን እንይ?»

ቄስ ገብረማርያም ደመናውን አዩ፣ ክምሩን አዩ፣ ላቡ የሚንቆረቆረውን ኡመርን አዩ።

«ማጨድ ክልክል ነው፤ ማጨዱንማ ጨርሳችኋል» አሉ። «እግዜር የሰጠውን ከዝናብ ማስጠለል እንግዳ እንደ ማስጠለል ነው። እኔም የራሴን ሳስጠልል ነው የቆየሁት።» ይህን ብለው ጋቢያቸውን አጣፉና ጎንበስ ብለው አንድ ነዶ አነሡ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ገላነሽ ስትተርክ እስካሁን ዓይኗ ያበራል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አደረገችና ሰዉን ሁሉ ለሁለት ከፈለችው፤ ወረታ በአንድ ወገን፣ ባሕር ዳር በአንድ ወገን። ብዙ ነዶ ያደረሰ ከዱባዎቹ ትልቁን ይወስዳል። ልጆቹ የሚችሉትን ያህል ተሸክመው ይሮጣሉ፤ አስተማሪዎቹ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ቃርሚያው ላይ እያነከሱ ይሮጣሉ፤ ቄሱ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ግልጽ ስላልነበር ሁለቱም ወገን የኔ ናቸው ይላል። ነጩ ቀሚስ ነጭ መሆኑ ቀረ። ሰውመሆን አሁን ክምሩ አናት ላይ ወጥቷል። ከታች የሚወረወርለትን ነዶ እየቀለበ፣ ዛላውን ወደ ውስጥ እያደረገ፣ በእግሩ እየጠቀጠቀ ይደረድራል። እጁ ነፃ በወጣ ጊዜ አፉ እንደገና ዝም አለ፤ ፊቱ ግን የልጅ ፊት ነበር።

የመጨረሻው ነዶ ወደ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ። ሸራ አልብሰው ጥግ ጥጉን በገመድ እንዳሠሩ ሰማዩ ተቀደደ። ሁሉም ወደ ቤት ሮጠ። የገላነሽ ቤት ያን ያህል ሰው ይዞ አያውቅም፤ መደቡም፣ ወለሉም፣ ደጃፉም በሰው ተሞላ። ፀጉራቸው ውስጥ ገለባ፣ አንገታቸው ውስጥ ገለባ። ሁሉም አሸናፊው እኛ ነን ስላሉ ትልቁ ዱባ ተቀቅሎ ለሁሉም እንዲደርስ ተወሰነ። ሰውመሆን በሩ አጠገብ ቆሞ ዝናቡን ሲያይ፣ ገላነሽ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ከጉና በኩል፣ ከአገሯ በኩል መምጣቱን እያሳየ፣ «ዘመዶችሽ ናቸው የላኩብን» አላት። «አንተን እሑድ ሥራ ሊያስለምዱህ ነው» አለችው።

ዝናቡ ብዙ አልቆየም። ደመናው ወደ ጣና በኩል አልፎ ፀሐይ ወጣች። ሜዳው ግን ዋልካ ነው፤ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ሙሰብ ባጃጁን አስነሣና ትንሽ እንደሄደ ሦስቱም ጎማዎች ሰመጡ። ገፉት፤ እነሱም ሰመጡ። የአንዱ አስተማሪ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ እስካሁን አልተገኘም። የባሕር ዳሩ ሚኒባስ ደግሞ ወረታ ላይ ይጠብቃቸዋል፤ ትንንሾቹን ልጆች ያን ሁሉ መንገድ በጭቃ ማስኬድ አይታሰብም።

ሰውመሆን ጥቂት አሰበና ወደ ቄስ ገብረማርያም ዞረ።

«አባ፣ በሰንበት በሬ ጠምዶ ባጃጅ መጎተት ምን ያስቀጣል?»

ቄሱ እንደ ትልቅ የሕግ ጥያቄ በጥሞና ሰሙትና፣ «ማረሻ እስካልተዋደደበት ድረስ እርሻ አይባልም» አሉ።

ሰውመሆን ቦራንና ዳልቻን አወጣ። ቀንበሩን ጫነባቸው፤ በጠፍርና በገመድ ከባጃጁ ፊት ጋር አሠራቸው። ሙሰብ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። ልጆቹ፣ መቼም ማን ያስቆማቸዋል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ከኋላ ሞሉ፤ ኢክላስ ከሙሰብ አጠገብ ተሸጎጠች። ሰውመሆን ጅራፉን በአየር ላይ አጮኸና በሬዎቹን ጠራ። በሬዎቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ወደ ኋላ ዞረው ይህ ምን ዓይነት ማረሻ ነው የሚሉ ይመስላሉ። ከዚያ ትከሻቸውን ሰጡ፤ ባጃጁ ጭቃውን እየመጠጠ ወጣ፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። ትልልቆቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ቀሚስና ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ከኋላ ከኋላ ተከተሉ። ሙሰብ ለቀልድ ጥሩምባውን ነፋ። ዳልቻ ደነገጠና ፈጠነ። ያን ጊዜ ሰውመሆን ሳቀ። በሜዳው ላይ የሚሰማ፣ ጎረቤት ከየማሳው ቀና ብሎ ያየው ሳቅ ነበር። ገላነሽ ከኋላ በጭቃ ውስጥ እየሄደች ሰማችው፤ የሱ ድምፅ መሆኑን ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደባት።

ጠጠሩ መንገድ ላይ ሲደርሱ በሬዎቹ ተፈቱ። ልጆቹ ግን አንወርድም አሉ። ባጃጁ በሞተር መሄድ ሲጀምር አንዱ ሕፃን በሬዎቹን መልሱልኝ ብሎ አለቀሰ።

በማግስቱ ባልና ሚስቱ ጎረቤት ለመርዳት ወጡ፤ እንደ እነሱ እንግዳ ያልነበራቸው ብዙዎች ሩዛቸው ርሶባቸው ነበርና፣ ነዶ እያገላበጡ ፀሐይ ሲያስመቱ ሰነበቱ። የገላነሽ ሩዝ በታኅሣሥ ተወቅቶ ወረታ ሲፈለፈል እንደ ወትሮው ነጭ ሆኖ ወረደ። ኢክላስ ማሽኑ አጠገብ ቆማ ሩዝ የሚያስፈለፍሉትን ሁሉ ይህ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያነሣሁት ስትል ዋለች፤ ራሂማ ልታስቆማት ብትሞክርም አልሆነላትም።

ከዚያ ክረምት መጣ። በሰኔ፣ ሩዝ ሲዘራ፣ ገላነሽ ዘሩን ይዛ ከሰውመሆን ኋላ ትሄዳለች። ከመንገዱ ጋር የሚዋሰነው የማሳው ጫፍ ላይ ሲደርስ ሰውመሆን በሬዎቹን አዞራቸው፤ የአንድ ቤት ስፋት ያህል መሬት ሳይታረስ ቀረ። ገላነሽ ቆማ ጠበቀችው። ተሳስቶ እንዳይሆን ብላ ነው፤ ሰውመሆን መሬት ሲያባክን አይታው አታውቅም።

«ይህችን ለምን ተውካት?» አለችው።

«ባጃጁ የት ሊቆም ነው?» አለ ሳይዞር። «ገረጋንቲ አምጥቼ አለብሳታለሁ።»

ገላነሽ ያልታረሰችውን መሬት አየቻት። ሩዝ ብትዘራ ስንት ሰው እንደምታበላ ታውቃለች፤ እሱም ያውቃል።

«ሚኒባሱስ?» አለችው።

ሰውመሆን በሬዎቹን አቁሞ መሬቱን ከዳር እስከ ዳር ለካው፣ በዓይኑ፣ ቅንድቡን ሰብስቦ። «ሚኒባሱ ወረታ ይጠብቅ» አለ በመጨረሻ። «በሬዎቹም ትንሽ ሥራ ይፈልጋሉ።» ከዚያ ጅራፉን አጮኸና ወደ ትልሙ ተመለሰ፤ እሷም ዘሩን እየበተነች ተከተለችው።